«እንዴት ተወለደ?» የምትለዋ መስመር

(ባሕር ዳር ላይ ለአዋላጆች፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ከሌሊት ተረኝነት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ አዋላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ አዝላችሁ ከኋላ የቆማችሁ እናቶች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። ሕፃን ቢያለቅስም ምንም አይደለም። የምናወራው ስለ እነሱ ነው።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላልና ስለ ምጥ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ምጡን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አምጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አዋልዳችሁ። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ልጁ ወጥቶ፣ እልል ተብሎ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲባል በትንሽ ቱቦ ወደ እኛ የምትመጣውን የእትብት ደም።

እትብት እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ሰው አገሩን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ከየትም ዓለም ቢሆን ልቡ ወደዚያች ጓሮ ይመለሳል። ያ እትብት ከመቀበሩ በፊት ግን የሚነግረን ብዙ ነገር አለ። ችግሩ የምንሰማው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን አንድ አባት ወደ ላብራቶሪው መስኮት መጣ። የት እንደነበር ተዉት፤ የትም ሊሆን ይችላል። በሁለት እጁ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ደጋግሞ ሲያጥፈውና ሲዘረጋው መሐሉ ላይ ተቀዷል። ልጁ ከተወለደ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ወረቀቱ ላይ አራት የኢንዛይም ውጤቶች አሉ። ከሦስቱ ጎን «ከፍተኛ» የሚል ምልክት አለ። አንደኛው፣ እኛ ሲኬ የምንለው፣ ከታተመው ልክ ብዙ እጥፍ አልፏል። አንድ ሰው «የልብ ሊሆን ይችላል» ብሎታል። ሌላው «የጡንቻ በሽታ ነው» ብሎታል። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

«ይጠባል ወይ?» አልኩት።

«ኧረ እንዴት አድርጎ!»

«ያለቅሳል?»

«ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው።»

«እንዴት ነው የተወለደው?»

ዝም አለ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እናትየው ከሌሊት ጀምራ እስከ ማታ ድረስ አምጣለች። በመጨረሻ ልጁ በቫኪዩም፣ ራሱ ላይ በሚለጠፍ መምጠጫ፣ ተስቦ ነው የወጣው።

ወረቀቱን ገለባበጥኩት። ስም አለ፣ የካርድ ቁጥር አለ፣ ፆታ አለ። እንዴት እንደተወለደ የሚገልጽ አንድም ቃል የለም። በቀኝ በኩል «ኖርማል» ተብሎ የታተመው ቁጥር ደግሞ የትልቅ ሰው ልክ ነው። ዛሬ እዚህ ፊታችሁ ያቆመኝ ያ ወረቀት ነው።

እስቲ ኢንዛይም ምን እንደሆነ በቀላሉ እንይ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ሥራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች አሉ። ኢንዛይም የምንላቸው እነሱን ነው። አሁን የማወራላችሁ ኢንዛይሞች ቦታቸው ሴሉ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ በዝተው ሲገኙ ሴሉ ተጨንቆ አፈትልከውበታል፣ ወይም ሴሉ ራሱ ፈርሷል ማለት ነው። ወለሉ በጠላ ከራሰ ጋኑን ነው የምናየው።

ሲኬ፣ ሙሉ ስሙ ክሬቲን ካይኔዝ፣ በዋናነት የጡንቻ ነው። በልብና በአንጎልም አለ። ጡንቻ ድንገት ጉልበት ሲፈልግ ከተቀመጠው ስንቅ ቶሎ አውጥቶ የሚያቀብለው እሱ ነው። ኤልዲኤች በየቦታው አለ ማለት ይቻላል፤ ኦክስጅን ያጠረው ሴል ላክቴት እያመረተ እንዲቆይ ያግዘዋል። ኤኤስቲ በጉበትም፣ በጡንቻም፣ በቀይ የደም ሴልም ውስጥ ይገኛል። ኤኤልቲ በብዛት የጉበት ነው።

አሁን ከዘጌ እንጨት ጭኖ፣ በደንገል ታንኳ ባሕር ዳር ድረስ የሚቀዝፈውን ሰው አስቡት። በማግስቱ ደሙን ብንለካው ሲኬው ከፍ ብሎ ልናገኘው እንችላለን። ኤኤስቲውና ኤልዲኤቹም አብረው ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ሰውየው ታሟል? አልታመመም። ሠርቷል።

በምጥ የሚወለድ ልጅም እንዲሁ መንገድ ነው የሚመጣው። ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ላላ ሲል ይመለሳል። ይህ ለሰዓታት ይደጋገማል። ከዚያ ልጁ በጠባቧ መንገድ ተጨምቆ፣ አንገቱን አዙሮ፣ ትከሻውን አዙሮ ይወጣል። የራስ ቅሉ አጥንቶች እንኳ ተደራርበው ነው የሚያልፈው፤ አዋላጆች በጣታችሁ ዳስሳችሁ ታውቁታላችሁ። እንዲህ የተጨመቀ ጡንቻ ሲኬ ወደ ደም ይለቃል።

ስለዚህ በምጥ የተወለደ ጤነኛ ልጅ እትብት ውስጥ ሲኬ፣ ብዙ ጊዜም ኤኤስቲና ኤልዲኤች፣ ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ከተወለደው ልጅ ከፍ ብሎ ይገኛል። በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ፣ ማለትም ራሱን በሚይዝ መቆንጠጫ፣ የተሳበ፣ በመቀመጫው የመጣ ልጅ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሲኬ በእትብት ደም በታየው ልክም አይቆምም። በመጀመሪያው ቀን ጨምሮ ይወጣል፣ በሚቀጥሉት ቀናት እየወረደ ይሄዳል።

አንዳንዴ «የእናትየው ጡንቻ ያመጣው ነው» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። አይደለም። እነዚህ ኢንዛይሞች ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ አልፈው እንደ ልብ ወደ ልጁ አይሻገሩም። በእትብቱ ደም የምናየው የልጁን የራሱን ነው።

ለዚያ አባት ያልኩትም ይህንኑ ነው። ልጁን የሕፃናት ሐኪም ይየው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደሙ ይደገም አልኩት። ተደገመ። ወርዷል።

አሁን ደግሞ ወደ ኦፕራሲዮን ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ስህተት የምንሠራው።

አንዲት እናት ከደቅ ደሴት መጣች። ምጧ የጀመረው ማታ ነው። ሌሊት ሐይቁ ላይ ንፋስ ስለነበረ ጀልባ አልተነሳም። ሲነጋ ጀልባው ወለል ላይ ጋቢ ተነጠፈላት። እናቷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ጣናን አቋረጡ። ሆስፒታል ስትደርስ የማህፀኗ በር ሙሉ ተከፍቷል፣ ልጁ ግን አልወርድ ብሏል። ኦፕራሲዮን ተደረገላት። እናትም ልጅም በሰላም ወጡ።

ቱቦዋ እኛ ዘንድ ደረሰች። የልጁ ሲኬ በምጥ ከተወለዱት ከብዙዎቹ ይበልጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ሲኤስ»፣ በኦፕራሲዮን ማለት ነው፣ ተብሏል። በዚያው ጠዋት ሌላ ቱቦም መጥቶ ነበር፤ ቀጠሮ ይዛ፣ ምጥ ሳይነካት፣ በኦፕራሲዮን ከወለደች እናት። የዚያኛው ልጅ ሲኬ ዝቅ ያለ ነው። የእሱም ወረቀት «ሲኤስ» ይላል።

ሁለቱ አንድ ናቸው? አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሯል። ሌላው ተኝቶ ሳለ በሩ ተከፍቶለት ነው የወጣው። ቢላዋው አንድ ይሁን እንጂ ምጡ አንድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ከጻፍን በኋላ የምናወጣው አማካይ የማንንም ልጅ አይመስልም። ኦክስጅን የሚያደርሰውን ጉዳት ስለሚከላከሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ስለ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝና ስለ ካታሌዝ የተሠሩ ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ በምጥ የተወለደው ይበልጣል ይላል፣ ሌላው ልዩነት አላገኘሁም ይላል። በእኔ እምነት አንዱ ምክንያት ይኸው መደባለቅ ነው።

አሁን በቀጥታ የምናገረው ለወላጆች ነው። «በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ ኢንዛይሙ ዝቅ ይላል» የሚለውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ኦፕራሲዮን ለልጁ ይሻላል» ሊል ይችላል። ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያሳስበኛልም። ዝቅ ያለ ሲኬ ሥራ አለመሠራቱን እንጂ ጤንነትን አይመሰክርም። ተቀምጦ የዋለ ሰው ሲኬም ዝቅ ያለ ነው።

ምጥ ለልጁ የሚያደርግለት ነገር አለ። በምጥ ጊዜ የልጁ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይጨምራሉ። ማህፀን ውስጥ ሳለ ሳንባው በውሃ የተሞላ ነው። እነዚህ ሆርሞኖች ሳንባው ያንን ውሃ መጥጦ ለአየር ቦታ እንዲለቅ ያደርጉታል። ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን የሚወለዱ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ የሚበዛባቸው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ በአንድ ሁለት ቀን ይድናሉ፤ ግን በኦክስጅንና በክትትል ነው።

ይህን ስል ኦፕራሲዮንን የምታጣጥል እናት እንዳትኖር እፈልጋለሁ። የደቋ እናት ዛሬ ልጇን የምታቅፈው በኦፕራሲዮን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው መግለጫ፣ በሕዝብ ደረጃ የኦፕራሲዮን መጠን ከ10 በመቶ በላይ መውጣቱ ከእናቶችና ከጨቅላዎች ሞት መቀነስ ጋር አልተያያዘም ይላል። በእኛ አገር ግን በ2008 ዓ.ም የተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያገኘው 2 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ20 በመቶ በላይ ነበር። አስቡት እንግዲህ። አንድ ቦታ ሳያስፈልግ ይሠራል፣ ሌላ ቦታ እያስፈለገ ይታጣል። ያኔ በጤና ተቋም የተወለደው ከመቶ 26 ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም 48 ደርሶ ነበር። ጥሩ ነው። ያኔ የቀረው ግማሽ ግን ማዶ ነበር፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ከተራራው ማዶ።

ሌላ መሳት የሌለበት ነገር አለ። ከፍ ያለ ኢንዛይም ሁሉ «የምጥ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ታፍኖ የተወለደ ልጅ አለ። እሱ ላይ ጡንቻው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ልቡም፣ ጉበቱም፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል፤ ኤልዲኤቹና ኤኤልቲውም ከፍ ይላሉ። እንዴት እንለየዋለን? ልጁን በማየት ነው። አፕጋሩ፣ ልጁ እንደተወለደ ሁኔታው ታይቶ የሚሰጠው ነጥብ፣ ስንት ነበር? ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባለው ሐኪም በ1953 እንደ ፈረንጆቹ ያሳተመችው ያ ከአሥር የሚሰጥ ነጥብ ዛሬም ከእናንተ ሰዓትና ዓይን ጋር ይሠራል። አለቀሰ? ጠባ? አንቀጠቀጠው? የእትብቱ ደም አሲድ ስንት ሆነ? የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ7.0 በታች ከወረደ ያ ልጅ ክትትል ይፈልጋል። ኢንዛይም ከእነዚህ ጎን ቆሞ ነው የሚመሰክረው፣ ብቻውን አይፈርድም። ዱሼን የሚባለው የጡንቻ በሽታም ሲኬን በጣም ከፍ ያደርጋል። ግን በእትብት ደም ብቻ ያ በሽታ አለ ወይም የለም ብሎ መናገር የማይቻለው ምጡ ራሱ ስለሚያደናግረን ነው።

አሁን ወደ አዋላጆች። ትንሽ ዝርዝር ውስጥ እገባለሁ፣ ታገሡኝ።

እትብት በአማካይ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነካ የሚያሟልጭ ነው። ውስጡ ሦስት የደም ሥሮች አሉ። ሰፊውና ግድግዳው ስስ የሆነው ደም መልሱ ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ደም ከእንግዴ ልጁ ወደ ልጁ ያመጣል። ሁለቱ ቀጫጭኖች ደም ቅዳዎቹ ናቸው፤ ከልጁ የወጣውን ወደ እንግዴ ልጁ ይወስዳሉ። ስለዚህ ስለ ልጁ በቀጥታ የሚናገረው ከቀጫጭኖቹ የተቀዳው ነው። ከየትኛው እንደቀዳችሁ ጻፉልን።

ደሙን ለማግኘት ብላችሁ ግን እትብቱን አታጣድፉት። ልጁ ደህና ከሆነ ከመቆለፉ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ መጠበቅ ነው የሚመከረው። በዚያች ደቂቃ የሚያልፈው ደም የልጁ ነው፣ ለወራት የሚሆነው ብረት ያለው እሱ ውስጥ ነው። እኛ የሚበቃን ከዚያ በኋላ የቀረው ነው። ሁለት ቦታ ቆልፋችሁ፣ መሐሉን ቆርጣችሁ፣ በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ ቅዱት።

እባካችሁ እትብቱን ቱቦ ላይ አትጭመቁት። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው እንደ ጨርቅ ይጨምቀዋል። ሥራው ስለሚበዛባችሁ መሆኑ ይገባኛል። የሚሆነውን ግን ልንገራችሁ። ደሙ እኛ ዘንድ ይመጣል። እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል እንጠብቀዋለን። በማሽን እናሽከረክረዋለን። ደህና የተቀዳ ከሆነ ከላይ የሚቀረው ሴረም እንደ ጠጅ ብጫ ነው። የተጨመቀ ከሆነ የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል ማለት ነው። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኤልዲኤች ከሴረሙ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ኤልዲኤቹ ሰማይ ይነካል፣ ኤኤስቲውም ይከተለዋል። ልጁ ምንም ሳይሆን እኛ በእጃችን በሽተኛ አደረግነው። ሲኬ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሌለ ያን ያህል አይታለልም፤ ኤልዲኤች ብቻውን ዘልሎ ሲኬ ባለበት ከቆመ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። እትብቱ ውስጥ ያለው ያ የሚያሟልጭ ነገርም አብሮ ከገባ የደም ዓይነት ምርመራውን ሁሉ ያበላሽብናል።

የላብራቶሪ ጓደኞቼ፣ የእኛም ጥፋት አለ። ቀዩን ሴረም አይተን ውጤት የምናወጣው እኛው ነን። በትልቅ ሰው ልክ «ከፍተኛ» ብለን የምናትመው እኛው ነን። ጂጂቲ የሚባለው ኢንዛይም በጤነኛ ጨቅላ ደም ከትልቅ ሰው ብዙ እጥፍ ነው። ያንን ምልክት አድርገን እናት እጅ ላይ የምንሰጣት ለምንድን ነው?

የራሳችን ልክ ያስፈልገናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እናቶቻችን የሚተነፍሱት አየር፣ የሚበሉት፣ የሚሸከሙት ከሌላው አገር ይለያል። የላብራቶሪ መመሪያዎች ለአንድ ቡድን ልክ ለማውጣት ቢያንስ 120 ጤነኛ ሰዎች ይጠይቃሉ። በምጥ ብቻ የተወለዱ 120፣ ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን የተወለዱ 120፣ ምጥ ከጀመረ በኋላ በኦፕራሲዮን የተወለዱ 120፣ በመሣሪያ የተሳቡ 120። ይህች ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፣ በየቀኑ ልጅ ይወለዳል። ልጆቹ አሉን። የጎደለን ወረቀቱ ላይ የምትሞላ አንዲት መስመር ናት።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ጠየቁ። «ልጄ፣ ደሙን ስትወስዱ ሕፃኑን አያመውም ወይ?»

አያመውም፣ እማማ። እትብት ላይ የሚያም ስሜት የለም። ደሙ የሚወሰደውም ከልጁ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

«እሱስ ይሁን። የቀረውን እትብት ግን የት ታደርጉታላችሁ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ሕፃኑ ላይ የሚቀረው ጉራጅ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል፣ እሱን እናንተው ትቀብሩታላችሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ከተረፈልን ውሰዱት» አሉኝ።

አዋላጆች፣ ስትወጡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ኮፒ አለ። መጠየቂያ ወረቀቱ ነው። ከታች በእጄ አራት ነገር ጨምሬበታለሁ፤ በምን ተወለደ፣ ምጥ ጀምሮ ነበር ወይ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ደሙ ከየትኛው የደም ሥር ተቀዳ። ኮፒው ካነሰ ስልኬን ከጀርባው ጽፌያለሁ፣ ደውሉልኝ፣ አመጣላችኋለሁ።